አዲሱ ቴሌቪዥን ለምን ደበዘዘ? ሲግናል ከሰመራ ጣሪያ እስከ ሳሎን

ሰመራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ያለ አንድ ቤተሰብ ስንት ወር ቆጥቦ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛ እንበል። ካርቶኑ ላይ «ፎር ኬ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሪሲቨሩ ኤችዲ ነው። አጠገቡ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ትልቅ የቤዝ ሳጥን ያሉት ሆም ቴአትር ተደርድሯል። ተገጣጥሞ ሲከፈት ግን ምስሉ ከድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን የባሰ ደብዛዛ ሆኖ አረፈው። የድምፁ ነገርማ አይነሳ፤ ፍንዳታው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ተዋናዮቹ የሚናገሩት ግን አይሰማም። ገዢው ሻጩን ያማል። ሻጩ «ዲሹ ነው» ይላል። የዲሽ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይወርድና «ኸረ ቴሌቪዥኑ ነው» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተሳስተዋል። ዕቃው ደህና ነው፣ ዲሹም ደህና ነው፤ የተበላሸው በዕቃዎቹ መካከል ያለው መንገድ ነው። እስቲ ያንን መንገድ አብረን እንከተለው። ገንዘብ ሳታወጡ የምታስተካክሉት ነገር እንደምታገኙ ተስፋ አለን።

ቢጫዋ ገመድ

ከሪሲቨሩ ካርቶን ውስጥ ጫፎቿ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆኑ ገመድ ትወጣለች። አጠቃቀሟ ቀላል ነው፤ ቀለምን ከቀለም ጋር ማገናኘት ብቻ። ለዚህም ነው ብዙ ሰው እሷን ይሰካና ነገሩን የሚረሳው። ቀዩና ነጩ የቀኝና የግራ ድምፅ ናቸው። ምስሉን በሙሉ ለብቻዋ የምትሸከመው ቢጫዋ ነች። ጉዱም ያለው እዚህ ጋ ነው።

ይህች ገመድ የምትሸከመው ሲግናል አመጣጡ ከጥቁርና ነጭ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ባለ ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል በሌላው ዓለም ቀለምን የጨመሩት መሐንዲሶች ደግሞ አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነበረባቸው፦ በየቤቱ ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር። መላቸው የሚያስደንቅ ነበር። የቱ ጋ እንደሚደምቅ፣ የቱ ጋ እንደሚጨልም የሚናገረውን የብርሃን ሲግናል እንዳለ ተዉት። ቀለሙን በሌላ ፈጣን ሞገድ ላይ ጫኑና እዚያው ሲግናል ውስጥ ሸሸጉት። እኛ አገር በሚሠራበት ፓል በሚባለው ሥርዓት ያ ሞገድ በሰከንድ 4.43 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። አሮጌው ቴሌቪዥን አያውቀውምና ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አዲሱ ለይቶ ያወጣዋል።

መለየቱ ግን በርበሬና ጨው ከተደባለቁ በኋላ መልሶ ለመነጠል እንደመሞከር ነው። ፍጹም አይሆንም። ዜና አንባቢው ደቃቅ መስመር ያለው ሸሚዝ ሲለብስ ሸሚዙ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ሲርመሰመስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሸሚዙ ላይ ምንም የለም። የመስመሮቹ ድግግሞሽ ለቀለሙ ሞገድ ስለሚቀርብ ቴሌቪዥኑ «ይሄ ቀለም ነው» ብሎ ተታሎ ነው። ፊደል ጠርዝ ላይ የሚንቀጠቀጡት ነጠብጣቦችም የዚያው ጉዳይ ናቸው።

ቢጫዋ የምታሳልፈው ምስል ቢበዛ 576 መስመር ነው። ሪሲቨራችሁ 1080 መስመር ያለው ምስል ከሰማይ ተቀብሎ ቢያዘጋጅም በዚህች ጠባብ በር ለማሳለፍ ሲል ይጨፈልቀዋል፣ ቀለሙንም ከብርሃኑ ጋር ያቦካዋል። ቴሌቪዥኑ በበኩሉ የደረሰውን ትንሽ ምስል በትልቁ ስክሪን ላይ ይለጥጠዋል። አዲሱ ቴሌቪዥን ከአሮጌው የባሰ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው፤ አሮጌው ትንሽ ስለነበር ጉድለቱን ይሸፍንላችሁ ነበር።

መፍትሔው ከጀርባው ያለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ፣ ኤችዲኤምአይ ነው። ሥርዓቱ ይፋ የሆነው በ2002 መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ በዚህ ገመድ የሚሄደው ሁሉ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ሰማያዊ እንዳለው ለየብቻ ይጻፋል፤ የሚቀላቀል ነገር የለም። የቢጫዋ ምስል ወደ ነጥብ ቢመነዘር 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነው። የሙሉ ኤችዲው 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ ነው። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው።

ሱቅ ገብታችሁ «ባለ ወርቅ ጫፍ ነው፣ ምስል ያጠራል» የሚባል ውድ ገመድ ካቀረቡላችሁ አትቸኩሉ። በቁጥር የሚሄድ ሲግናል ቀስ እያለ አይደበዝዝም። ቁጥሩ ወይ በትክክል ይደርሳል፣ ወይ ይሳሳትና ስክሪኑ ላይ ብልጭልጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ወይ ጭራሽ ይጠቁራል። አንድ ሁለት ሜትር ለሆነች ገመድ ርካሹ በትክክል ከሠራ ውዱም ያንኑ ምስል ነው የሚያሳየው። ርዝመቱ አሥር ሜትር ሲያልፍ ነገሩ ይለወጣል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ማን አሥር ሜትር ይዘረጋል?

ገመዱን ሰክታችሁ እንዳትቀመጡ። የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የምስል ውጤቱ 1080 ላይ መሆኑን እዩ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ዝቅ ብለው ነው የሚመጡት። የሰው ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ ሁሉም የወፈረ ከመሰላችሁ የስክሪኑ ቅርጽ ማስተካከያ ተሳስቷል። ቴሌቪዥኑ «ቪቪድ» በሚባለው ሁነታ ላይ ካለም ወደ «ሲኒማ» ወይም «ስታንዳርድ» ቀይሩት። ያ ሁነታ የተሠራው በመብራት በተጥለቀለቀ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ እንጂ ቤት ውስጥ እንዲታይ አይደለም።

ፎር ኬው ጠቀመን ወይ?

ይህን በሒሳብ ራሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ቢያንስ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ሲሆን ነው። ወደ ርቀት ሲቀየር፦ የነጥቡን ስፋት በ3,440 አባዙት፤ ከዚያ ርቀት በላይ ከተቀመጣችሁ ነጥቦቹ ይዋሐዳሉ።

የ43 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ1920 ነጥብ ሲካፈል አንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ3,440 ሲባዛ 1.7 ሜትር። ፎር ኬ ሲሆን ነጥቡ በግማሽ ስለሚያንስ ርቀቱም ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ማለት፣ ከሙሉ ኤችዲ በላይ ያለውን ዝርዝር ለማየት ከስክሪኑ ከ1.7 ሜትር ባነሰ ርቀት መቀመጥ አለባችሁ፤ በሙሉ ለመጠቀም ደግሞ አፍንጫችሁ ሊነካው እስኪደርስ መቅረብ ነው። ሦስት ሜትር ላይ መጅሊስ ላይ ተደግፎ ለሚያይ ሰው «ፎር ኬ» የሚለው ጽሑፍ የሚጠቅመው ካርቶኑን ነው።

ይኸው ሒሳብ ሌላም ነገር ይናገራል። ባለ 576 መስመሩ ንጹሕ ምስል ራሱ 3.2 ሜትር ላይ ስትቀመጡ መስመሮቹ አይለዩም። ታዲያ ቢጫዋ ገመድ በምን ትታወቃለች? በቀለሙ መርመስመስና መፍሰስ። እሱ ከነጥብ በጣም ስለሚሰፋ አራት ሜትር ላይም ይታያል። ስለዚህ ስክሪን ከማሳደግ በፊት ገመድ መቀየር ይቀድማል።

«ዲሹ ነው» ሲባል

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስኢኤስ የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ኢትዮሳትን ሲጀምሩ በመላ አገሪቱ ብዙ ዲሽ ፊቱን አዞረ። ቀድሞ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳት ባለበት በምዕራቡ ሰማይ ነበሩ፤ ኢትዮሳት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ባለችው ኤንኤስኤስ 12 በምትባል ሳተላይት ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሳተላይቶች ሁሉ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ እኛ ስናያቸው የቆሙ ይመስላሉ።

ሰመራ 41 ዲግሪ ምሥራቅና 11.8 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ሳተላይቷ ከሰመራ በስተ ምሥራቅና ከምድር ወገብ በላይ ስለሆነች ዲሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያል ማለት ነው። ብናሰላው፣ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 125 ዲግሪ ገደማ፣ ከአድማስ ወደ ላይ 67 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለአዋሽ 117 እና 68። ልብ በሉ፣ ይህ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የጎረቤት ፎቅ እምብዛም አይከልለውም። ናይልሳትን ከሰመራ ለማየት ግን 260 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ዞራችሁ 34 ዲግሪ ብቻ ነው ቀና የምትሉት። (ጣሪያ ላይ ያለውን ሳህን አይታችሁ «ይሄ እኮ 67 ዲግሪ ቀና አላለም» ብትሉ አትሳሳቱ። አብዛኞቹ ሳህኖች የሚሠሩት ኤል ኤን ቢው ከፊታቸው ሳይሆን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ስለሆነ፣ ሳህኑ የሚያየው ፊቱ ከሚያመለክተው በ20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ነው።)

ኤል ኤን ቢው ራሱ በመያዣው ውስጥ መዞር አለበት። ሳተላይቷ ሞገዶቿን በሁለት አቅጣጫ አርገብግባ ትልካለች፣ አንዱን አግድም ሌላውን ቀጥ አድርጋ። እኛ ግን በክብ ምድር ላይ ከጎኗ ሆነን ስለምናያት አግድሙ ለኛ አግድም አይደለም። ለሰመራ ማስተካከያው 53 ዲግሪ ገደማ፣ ለአዋሽ ደግሞ 61 ገደማ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ሁለት ከተሞች መካከል ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ አይገርምም? ጥሩ የዲሽ ሠራተኛ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ፣ ኤል ኤን ቢውን እያዞረ ሜኑው ላይ ያለውን «ኳሊቲ» በማየት ያገኘዋል። ከላይ ያለው «ስትሬንግዝ» የሚባለው ቁጥር ያታልላል፤ ጫጫታውንም ሲግናሉንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። የምትፈልጉት ኳሊቲውን ነው።

ሪሲቨሩ ለኤል ኤን ቢው «አሁን ቀጥ ያለውን ስጠኝ፣ አሁን አግድሙን» የሚለውም በዚያው በዲሽ ገመድ ነው፦ 13 ቮልት ከላከ ቀጥ ያለውን፣ 18 ቮልት ከላከ አግድሙን። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም መጋጠሚያው ከዛገ፣ 18 ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀንስና ኤል ኤን ቢው 13 መሰለው ማለት ነው። ግማሹ ጣቢያ መጥቶ ግማሹ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ገመዱን ስትነቅሉና ስትሰኩ ታዲያ ሪሲቨሩን መጀመሪያ ከመብራት ንቀሉት፤ የመካከሉ ሽቦ ዳሩን ሲነካ ቮልቱ ሾርት አድርጎ ሪሲቨሩን ሊጎዳው ይችላል።

አሁን ወደ ሻጩ ክስ እንመለስ። ከሳተላይት የሚመጣውም ሲግናል ቁጥር ነው፤ ስሕተት ማረሚያ ቁጥሮችም ተጨምረውበታል። ሲግናሉ ሲዳከም ሪሲቨሩ እያረመ እያረመ ምስሉን እንከን የለሽ አድርጎ ያሳያል፤ ማረም የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምስሉ ባንዴ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፣ ይደርቃል፣ ይጠፋል። መሐል ቤት የለም። እንግዲህ ምስሉ የደበዘዘ ግን የማይቆራረጥ ከሆነ ዲሹ ንጹሕ ነው። ሠራተኛ ጠርታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አስታውሱ።

ሳህኑ በትክክል ማየቱን የምትፈትኑበት አንድ ነፃ መሣሪያም አለ፤ ፀሐይ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከኛ ስትታይ ልክ ከሳተላይቷ ኋላ ታልፋለች። ለሰመራ መስከረም 18 እና 19፣ እንዲሁም መጋቢት 6 አካባቢ ነው፤ ለአዋሽ ልክ በመስቀል በዓል ዙሪያ። ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በነዚያ ቀናት ስርጭቱ ለጥቂት ደቂቃ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ፀሐይም ሞገድ ትረጫለችና ሳህኑ ውስጥ ገብታ የሳተላይቷን ደካማ ሲግናል ትውጠዋለች። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ማንንም አትጥሩ። ይልቅ በዚያች ሰዓት ሳህኑ ላይ ምን እንዳረፈ ከታች ሆናችሁ እዩ። የውሃ ታንከር ወይም የዛፍ ጥላ ካረፈበት፣ ያው ነገር ዓመቱን ሙሉ ሳተላይቷንም ይከልልባችኋል።

ጆሮ የማይምረው ነገር

ምስሉ ተስተካከለ እንበል። አሁን ድምፁን ብዙ ሰው እንዲህ ያገናኘዋል፦ ምስሉ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ ደግሞ በቀይና ነጩ ገመድ ከሪሲቨሩ በቀጥታ ወደ ሆም ቴአትሩ። ያምራል፣ አጭር መንገድም ነው። ችግሩ አጭርነቱ ነው።

የዛሬ ቴሌቪዥን ምስል እንደደረሰው አያሳይም። ያሳድገዋል፣ ያጠራዋል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ለዚህም በአሥር የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዱ ከ100 በላይ ይፈጅበታል። ድምፁ ግን ሳይጠብቅ ቀድሞ ደርሷል። ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት ቃሉ ይሰማል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመዘኛ መሠረት ሰው ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ይታወቀዋል፤ ድምፅ ወደ ኋላ ሲቀር ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ልብ አይለውም።

ይህ ልዩነት ለምን መጣ? በተፈጥሮ ድምፅ ሁልጊዜ ኋላ ነው። ብርሃን በቅጽበት ይደርሳል፣ ድምፅ በሰመራ የ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በሰከንድ 355 ሜትር ብቻ ይጓዛል (20 ዲግሪ በሆነ አየር ደግሞ 343)። ከገደሉ ማዶ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ከወረደ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ በ1974 እንደ ፈረንጆቹ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲም መብረቁን አይታ ነጎድጓዱን እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር። ድምፅ ከምስል ቀድሞ የሚመጣበት ዓለም ግን ማንም ኖሮበት አያውቅም። አንጎላችን የዘገየውን ይቅር ብሎ የቀደመውን የማይምረው ለዚህ ቢሆን አይገርምም።

ስለዚህ ድምፁን ረጅሙን መንገድ አስኪዱት፦ ከሪሲቨር ምስልም ድምፅም በአንድ ኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን፤ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምፁ ወደ ሆም ቴአትሩ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን የሚያዘገየውን ያህል ድምፁንም አቆይቶ ይለቀዋል። ሆም ቴአትሩ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለውና በሁለቱም ዕቃዎች ላይ «ኤአርሲ» የሚል ከተጻፈ አንድ ገመድ ይበቃል። ከሌለ በብርሃን የሚሠራው ቀጭኑ የኦፕቲካል ገመድ አለ። እሱም ከሌለ የቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያገለግላል፤ ንቀቱን ተዉት፣ ለአንድ ሳሎን በቂ ነው። ብሉቱዝ ግን ለዘፈን እንጂ ለፊልም አይመቸንም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያስቀረዋል።

ተዋናዮቹ የት ሄዱ?

ስድስት ሣጥን ላለው ሆም ቴአትር በተዘጋጀ ፊልም ውስጥ የሰዎች ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። የግራና የቀኙ ሙዚቃና አካባቢ ድምፅ ይዘዋል፣ ከኋላ ያሉት ነፋስና ኮቴ፣ ትልቁ ሣጥን ፍንዳታ። መሐለኛው ካልተሰካ፣ ወይም «ቦታ ያዘብን» ተብሎ ከቁም ሣጥን ጀርባ ከተወረወረ፣ ፊልሙ ዱዳ ይሆናል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁለት ስፒከር ብቻ ኖሮ ማጫወቻው አምስት እንዳለ ሆኖ ተሞልቷል፤ ለሌለው መሐለኛ የተላከው ንግግር አየር ላይ ይቀራል። ሜኑ ውስጥ የድምፅ ውጤቱን «ስቴሪዮ» ወይም «ፒሲኤም» አድርጉት፣ ተዋናዮቹ ይመለሳሉ።

ሌላው የሽቦው ቀለም ነው። ስፒከር ከኋላው ቀይና ጥቁር መያዣ አለው። የአንዱን ስፒከር ሽቦ ብታገላብጡት አይቃጠልም፣ ይሠራል። ግን አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለቱ ማዕበሎች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከመሐል መምጣቱን ትቶ የት እንዳለ የማይታወቅ ይሆናል። እስቲ ሞክሩት፦ ማጉያውን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ገልብጡ፣ ያንኑ ዘፈን መልሳችሁ ስሙ። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ከሰማችሁት ሁለተኛ አትሳሳቱም። መልሳችሁ ማስተካከል እንዳትረሱ እንጂ።

ትልቁን ሣጥን የት እናስቀምጠው? 50 ጊዜ በሰከንድ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት በዚህ ሙቀት 7.1 ሜትር ነው፤ ከሳሎናችሁ ይበልጣል። ክፍል ውስጥ ሲታጠፍ አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አስቂኝ ዘዴ አለ። ሣጥኑን እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ በእጅና በጉልበታችሁ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሃችሁ አዳምጡ። ድምፁ ሚዛናዊ ሆኖ የተሰማችሁ ቦታ የሣጥኑ ቦታ ነው። ታናናሾቻችሁ ይስቁባችኋል፤ ፊዚክሱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል።

ስለ ክፍሉም አንድ ነገር። ከዘምባባ ሰሌን በሚሠራው ክብ የአፋር ቤት ውስጥ እጃችሁን ብታጨበጭቡ ድምፁ በሰሌኑ አልፎ ይሄዳል፤ አስተጋቢ ግድግዳ የለም። በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ በተለሰነ ባዶ ሳሎን ውስጥ ግን ጭብጨባው «ትርርር» ይላል። ንግግርም እንዲሁ ይርመጠመጣል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና የመጅሊስ ፍራሽ ውድ ስፒከር ከመግዛት በላይ ይሠራሉ። በዚያ ላይ ማራገቢያ አለ። ሰመራ ውስጥ «ማራገቢያውን አጥፉት» ማለት አይታሰብም፤ ቢያንስ ከጆሯችሁ አርቁት፣ ስፒከሮቹን ደግሞ በጆሮ ልክ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ተቀማጩ አዙሯቸው።

እምም የሚለው ድምፅ፣ መብራትና ሙቀት

ሁሉም ተገናኝቶ ስፒከሩ «እምምም» ካለ የሰማችሁት የመብራት ኃይሉን ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ቴሌቪዥኑ ከአንዱ ግድግዳ፣ ማጉያው ከሌላው ሲሰካ፣ በዚያ ላይ የዲሹ ገመድ ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ጋር ሲነካካ፣ የመሬት መስመሮቹ መጠነኛ የቮልት ልዩነት ይኖራቸዋልና በድምፅ ገመዱ ዳር በኩል ኤሌክትሪክ ይዘዋወራል። ሁሉንም ከአንድ ደህና ማከፋፈያ ስኩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የሶኬቱን የመሬት እግር በመቁረጥ የሚያጠፉት አሉ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። ያቺ እግር የምትጠብቀው ድምፁን ሳይሆን ሰውን ነው፤ ዕቃው ውስጥ ሽቦ ተነቅሎ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል ሳይሆን በሷ በኩል ወደ መሬት የሚሄደው እሷ ስላለች ነው።

መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከመብራቱ ሌላ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ መንቀል ይገባል፤ ነጎድጓዱ በራችሁ ላይ ሳይደርስ በፊት።

ሙቀቱን ለመጨረሻ ያቆየነው ዝም ብሎ ስለሚገድል ነው። በሪሲቨርና በማጉያ ውስጥ ቮልቱን የሚያረጋጉ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ጣሳ መሳይ ዕቃዎች አሉ፤ ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ከዓመት ዓመት ይተናል። እንደ መሐንዲሶች ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። አዲስ አበባ ውስጥ 22 ዲግሪ በሆነ ሳሎን የሚቀመጥ ሪሲቨርና ሰመራ ውስጥ 42 ዲግሪ ላይ የሚውል ሪሲቨር አንድ ዓይነት ቢሆኑም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም፤ የሁለተኛው ሩብ ነው የሚሆነው። የአየሩን ሙቀት መለወጥ ባትችሉ የምትጨምሩበትን መቀነስ ትችላላችሁ። ሪሲቨሩን ማጉያው ላይ አትከምሩት፤ ማጉያ ምድጃ ማለት ነው። መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ በሩን ክፈቱለት፣ ከጀርባውም የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት። የአየር ቀዳዳዎቹን የአፋር አቧራ ስለሚደፍናቸው ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ በየጊዜው ጥረጉ። እናታችሁ በፍቅር ሠርተው ሪሲቨሩ ላይ ያለበሱት ዳንቴል ካለ ደግሞ፣ በትሕትና አስፈቅዳችሁ ወደ ቡና ረከቦቱ አዛውሩት።